ሐቅና ሃኪ፦ በአንድ የበኩር የችሎት ልቦለድ ላይ የተከፈለው የአንባቢ ፍርድ፣ ከሞያሌ ሲታይ

በሞያሌ ከተማ በኬንያ ወገን የቆመ ሰው በስዋሂሊ «ሃኪ» ሲል መብትንና ፍትሕን በአንድ ቃል ጠርቷል። ያው ሰው ኬላውን ተሻግሮ በአማርኛ «ሐቅ» ቢል የተናገረው ስለ እውነት ነው፤ «ሐቀኛ» የሚባለውም የማያጭበረብር ሰው እንጂ መብቱ የተከበረለት ሰው አይደለም። ሁለቱም ቃላት ከአንድ የዐረብኛ ሥር የተቀዱ ሆነው ሳለ አንዱ ወደ ፍትሕ፣ ሌላው ወደ እውነት አዘንብሏል። በሁለቱም ወገን የሚነገረው ኦሮምኛ «ሃቃ» ሲል ደግሞ እንደ አገባቡ ሁለቱንም ይይዛል። ልዩነቱ እዚህ የተነሣው ለሥርወ ቃል ጥናት ሲባል አይደለም። አንድ ልቦለድ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንባቢዎቹን እንዴት ለሁለት እንደ ከፈለ ለመረዳት ከሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ እነዚህ ሁለት ቃላት ስለሚቀርቡ ነው።

ልቦለዱ የአሜሪካዊው ጆን ግሪሻም የመጀመሪያ ሥራ ነው። በአማርኛ «የመግደል ጊዜ» ሊባል ይችላል፤ ርእሱ የመጽሐፈ መክብብን ሦስተኛ ምዕራፍ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ግሪሻም በሚሲሲፒ ጠበቃ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1984 የተደፈረች የ12 ዓመት ልጅ በችሎት የምስክርነት ቃሏን ስትሰጥ ሰማ፤ አባቷ ደፋሪውን ገድሎት ቢሆን ኖሮስ ብሎም አሰበ። መጽሐፉ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ ዊንዉድ ፕሬስ በ1989 በ5,000 ቅጂ አወጣው፤ ከዚያም ውስጥ 1,000ውን የገዛው ደራሲው ራሱ ነበር። ሰፊ አንባቢ ያገኘው በ1991 የወጣው ሁለተኛ ሥራው «ዘ ፈርም» ደራሲውን ስመ ጥር ካደረገው በኋላ ነው። ይህም ማለት አብዛኛው አንባቢ ወደ በኩር ሥራው የመጣው ከኋላው ሥራ ዞሮ፣ የሩጫና የማሳደድ ታሪክ ጠብቆ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ ይንዛዛል፣ የትንሽ ከተማ ወሬ ይበዛበታል የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ይመስላል። የሚያከራክር ነገር የለውም፤ መጽሐፉ በእርግጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ችሎትን የሚያውቅ ሰው ግን ችሎትም እንደዚሁ መሆኑን ያውቃል።

ታሪኩ ይህ ነው። ክላንተን በምትባል የልብ ወለድ ከተማ ሁለት ነጮች ቶንያ ሄይሊ የምትባል የ10 ዓመት ጥቁር ልጅ ደፍረውና ደብድበው፣ ሞታለች ብለው ይጥሏታል። ልጅቷ ትተርፋለች። ከቀናት በኋላ አባቷ ካርል ሊ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅና ሁለቱን ሰዎች በኤም-16 ጠመንጃ ይገድላቸዋል። ሲያጅባቸው የነበረ ምክትል ሸሪፍም ቆስሎ እግሩን ያጣል። ነጩ ጠበቃ ጄክ ብሪጋንስ የያዘው መከራከሪያ ገዳዩ በድርጊቱ ሰዓት አእምሮውን ስቶ ነበር የሚል ነው። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ማለትም ጁሪው፣ ነጻ ይለቁታል።

አንባቢ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ፍርዱን አንብቦ ልቡ ያርፋል፤ ሥራዬ ብሎ የተከታተለው አባትየው ወደ ቤቱ ሲመለስ ለማየት ነበርና። ሌላው ወገን መጽሐፉን በቁጣ ይዘጋል፤ ሰውየው ጠመንጃ ፈልጎ፣ ቦታ መርጦ፣ መግቢያና መውጫውን አጥንቶ የገደለ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አብዶ ነበር ማለት ውሸት ነው ይላል። የመጀመሪያው የሚናገረው በ«ሃኪ» ነው፤ ሁለተኛው በ«ሐቅ»። አንዱ ለሌላው መልስ የሰጠው ይምሰለው እንጂ ጥያቄያቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ የሚጠይቀው የተበደለ ተካሰ ወይ ብሎ ሲሆን፣ ሌላው የተባለው ሁሉ እውነት ነው ወይ ብሎ ነው።

ሁለተኛው ወገን ስለ ማስረጃው የሚለው ትክክል ነው። ካርል ሊ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያውቃል፤ ጠበቃውም ያውቃል፤ አንባቢውም ያውቃል። ለመከላከያ የቀረበው የአእምሮ ሐኪም በመስቀለኛ ጥያቄ የገዛ የወንጀል ታሪኩ ተገልጦበት ምስክርነቱ በችሎት ፊት ሲፈርስ እናያለን። ደራሲው ምስክሩን እንዲህ ያፈረሰው ሳያስብበት አይመስልም። የእብደቱን ክርክር ራሱ አያምንበትም፤ እንድናምንበትም አይጋብዘንም። ቃሉ የተቆለፈ በር የሚከፍት ቁልፍ ብቻ ሆኖ ቀርቧል። ሕግ የፈለጉትን ነገር በስሙ ጠርቶ እንዲሰጣቸው ስላልፈቀደ በሌላ ስም የሚጠይቁ ሰዎችን ማሳየቱ የመጽሐፉ ደካማ ጎን ተደርጎ ይነቀፋል። የመጽሐፉ ሐቀኝነት ያለው ግን በትክክል እዚያ ላይ ነው። የእግሩን ጉዳት ተሸክሞ ለምስክርነት የቀረበው ምክትል ሸሪፍ ያቆሰለውን ሰው ልቀቁት ብሎ ሲለምን፣ ስለ እብደት አንዲት ቃል አይናገርም። በመጽሐፉ ውስጥ ከሕግ ቋንቋ ውጭ የተነገረ ብቸኛው እውነተኛ ምስክርነት የእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለቋንቋ ሰው ጉዳዩ የሚከብደው ይህ የእብደት ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ ነው። «ራሱን ሳተ» ከተባለ ሰውየው ወድቋል፤ ውኃ ይረጩበታል እንጂ ጠመንጃ አያነሣም። «አበደ» ወይም «ጨርቁን ጣለ» ከተባለ በገበያ የሚታወቅ፣ ትናንትም ነገም ያበደ ሰው ነው፤ ለአንድ ማለዳ አብዶ ማምሻውን የሚመለስ እብደት በተራው አማርኛ ስም የለውም። «አእምሮውን ሳተ» ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን ሰሚውን ምን ያህል ጊዜ የሚል ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። በሌላ በኩል «ደሙ ፈላ» ቢባል ማንም ይረዳል፤ ነገር ግን ደሙ የፈላ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። «ደም መለሰ» እንዳይባል ደግሞ ልጅቷ አልሞተችም፤ ደም የሚመለሰው ለሞተ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን በአማርኛ ለመተርጎም የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው ከባድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ የሚመርጠው ቃል ሁሉ ለአንዱ የአንባቢ ወገን ያደላል። እንግሊዝኛው በሕክምናና በሕግ ቃል የሸፈነውን ክፍተት አማርኛው ወለል አድርጎ ያሳየዋል።

የሕጉም ካርታ ከድንበሩ በግራና በቀኝ ይለያያል። ካርል ሊ በኬንያ ቢሆን ኖሮ የእብደት መከራከሪያው ቢሳካለት እንኳ በዚያው ቀን ወደ ልጆቹ አይመለስም ነበር። የኬንያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ ያስቀመጠው ውሳኔ «ጥፋተኛ ነው፤ ነገር ግን እብድ ነበር» የሚል ነውና። እንዲህ የተባለ ሰው የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ እየጠበቀ ይያዛል፤ አሠራሩን የአገሪቱ ዳኞች ራሳቸው በቅርብ ዓመታት ነቅፈውታል። በቁጣ ተነሣሥቶ መግደል የሚለው መከራከሪያም አይጠቅመውም፤ ሕጉ የሚፈልገው ስሜቱ ሳይበርድ በዚያው ቅጽበት የተደረገን ነው፤ ካርል ሊ ግን ቀናት አሳልፏል። በኢትዮጵያ ወገን በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 541 ሌላ መንገድ ይከፍታል። በከባድ መነሣሣትና ሰው ሊረዳው በሚችል የስሜት ግፊት የገደለን ሰው ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። በዚህ አንቀጽ ይጠቀም ነበር አይጠቀምም የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ለኢትዮጵያዊው አንባቢ በሞትና በነጻ መውጣት መካከል የቆመ ቃል አለ፤ በክላንተን ያሉት አሥራ ሁለት ሰዎች ፊት የቀረበው ምርጫ ግን በጣም ጠባብ ነው። «ለምን ጥቂት ዓመት አልፈረዱበትም?» የሚል አንባቢ ልበ ደንዳና ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ያደገበት ሕግ መካከለኛ ቃል ስላስተማረው ሊሆን ይችላል።

ጁሪ የሚባለውም ነገር በሁለቱም ወገን እንግዳ ነው። በኬንያ በቅኝ ግዛት ዘመን ለአውሮፓውያን ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ ለአፍሪካውያን ከዳኛው ጎን የሚቀመጡ አማካሪዎች ነበሩ፤ እነሱም በ2007 ቀርተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ዳኝነት ከላይ የሚወርድ ሆኖ ኖሯል፤ የዳኞች ሁሉ አለቃ «አፈ ንጉሥ» መባሉ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ይሁን እንጂ ለተራው ሰው ጆሮ የቆመ የክርክር ጥበብ አማርኛ አላጣም። «በላ ልበልሃ» የሚባለው የጥንቱ ሙግት ለዚህ ምስክር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ በአላፊ አግዳሚ ዳኛ ፊት በተጠየቅና በተመታ ቃል ይከራከሩ ነበር። በዚያ ሙግት የሚያሸንፈው ሐቅ ያለው ብቻ አልነበረም፤ ሐቁን በሚመታ ቃል ያቀረበውም ነበር። የዙሪያው ሰው ያደንቃል፣ ይስቃል፣ ያጉረመርማል፤ ዳኛውም ያንን ይሰማል።

ከዚህ ልማድ የመጣ አንባቢ በግሪሻም መጽሐፍ ውስጥ የሚያጣው ነገር አለ። ጉዳዩን የሚወስነው ቃል በችሎት አይነገርም። በተዘጋው የመማከሪያ ክፍል ውስጥ አንዲት የጁሪ አባል ጓደኞቿን ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ልጅቷ ነጭ ብትሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ ትላቸዋለች። ጆኤል ሹማከር በ1996 መጽሐፉን ወደ ፊልም ሲያመጣው ይህን ንግግር ከእሷ አፍ ወስዶ ለጠበቃው የመዝጊያ ንግግር አደረገው። ፊልሙን አይተው መጽሐፉን ያነበቡ ብዙዎች በዚህ ቦታ ቅር ይሰኛሉ፤ የጠበቁት ታላቅ ንግግር የለምና። ለ«በላ ልበልሃ» የሚቀርበው ፊልሙ መሆኑ አይካድም። የመጽሐፉ ምርጫ ግን ይሻላል። ጠበቃው ከተናገረው ነጻነቱ የአንደበተ ርቱዕ ሰው ስጦታ ይሆናል፤ ከጁሪዋ አፍ ከወጣ ግን በአካባቢው ሕሊና ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው። በዚያው ላይ ንግግሩ የሚያሳፍር ነገር ይዟል። ጥቁሯን ልጅ ለማዘን በቅድሚያ ነጭ ማድረግ አስፈልጓል። መጽሐፉን የጥቁሮች ጉዳይ በነጮች አፍ የተነገረበት ነው ብለው የሚነቅፉ አንባቢዎች ከሌላው ትችታቸው ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ጠንካራ መሬት አላቸው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የልጅቷ ዝምታ ነው። የጥቃቱ ምዕራፍ ካለፈ በኋላ የቶንያ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ክርክሩ የአባትየው፣ የጠበቃው፣ የከተማው ይሆናል። ታሪኩ የተወለደው በችሎት ቆማ ከተናገረች ልጅ ነበር፤ ልቦለዱ ውስጥ ግን የተናገረችውን የሚተካ ጥይት ሆነ።

ይህ ነጥብ ወደ አማርኛ የችሎት ታሪክ ያሻግራል፤ በልቦለድ ሳይሆን በፊልም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ የሆነውን «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲያቀርብ በእጁ የነበረው ጉዳይ የግሪሻምን ጥያቄ ገልብጦ የሚጠይቅ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በጠለፋ ተወሰደች፤ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ተኩሳ ገደለችው። ለእሷ የቆመው በመዓዛ አሸናፊ መሥራችነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ፍርድ ቤትም በሕጋዊ መከላከል ነጻ አላት። እዚህ አባት የለም፤ የተኮሰችው ልጅቷ ራሷ ናት። አበደች መባልም አላስፈለጋትም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት ክሱ ይቀር ዘንድ በፈቀደበት አገር፣ ጠበቆቿ ድርጊቷን በትክክለኛ ስሙ አስጠሩት። ሃኪና ሐቅ አንድ ላይ የተገኙበት ፍርድ ከተፈለገ ይህ አንዱ ነው። ያም ሆኖ የአገር ሽማግሌዎች ልጅቷ ከመንደሯ እንድትርቅ መወሰናቸው አልቀረም፤ ፊልሙም የችሎቱንና የዛፍ ሥሩን ሸንጎ ጎን ለጎን በማቆሙ ይመሰገናል።

ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ከሙያ ተቺዎች መካከል ግን ቁም ነገሩን አመስግነው አቀራረቡን የትምህርት ሰዓት አስመስሎታል ያሉ አልታጡም። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ክርክር ያስነሣው አስቀድሞ ርእሱ ነው። ለውጭ ተመልካች «ድፍረት» ጀግንነትም መደፈርም ማለት ነው ተብሎ ተተረጎመ። በትክክል ሲታይ «ደፈረ» የሚለው ግሥ ሰፊ ነው፤ ሰው ይደፍራል፣ ሕግ ይደፍራል፣ ድንበር ይደፍራል፣ ሴት ይደፍራል። ስሙ «ድፍረት» ግን ሁልጊዜ ከአድራጊው ጋር ይቆማል። የተፈጸመባት ወገን የምትገኘው «መደፈር» በሚለው ውስጥ ነው፤ ሕጉም «አስገድዶ መድፈር» ሲል ቃሉን ከማስገደድ ጋር አጣምሮ ነው የያዘው። ስለዚህ ትርጉሙ ቸኩሏል ያሉ ሰዎች በሰዋስው ረገድ ልክ ናቸው። ርእሱ ግን በራሱ መንገድ ይሠራል። አድራጊው ማን እንደሆነ ሳይናገር «ድፍረት» በማለቱ፣ የጠላፊውን ይሁን የልጅቷን ለተመልካቹ ይተውለታል። በዚህ ቋንቋ ደፋር መባል ስድብም ሙገሳም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

በ2006 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ያስቆመችው ታሪኩ የተሠራባት ሴት ናት፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ። (ስሟ በየጋዜጣው ወጥቷል፤ ከክርክሩ ባሕርይ የተነሣ እዚህ መድገሙ አይገባም።) ኋላ ፊልሙ ታየ። በዚያ ወቅት አንዳንዱ ለአገር ስም የበቃ ሥራ ለምን ይታገዳል አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ያለ ፈቃድ መውሰድን የሚያወግዝ ፊልም ፈቃድ መጠየቅ እንዴት ይረሳል አለ። ለፊልሙ ያለን አክብሮት ሳይቀንስ ሁለተኛው ወገን የያዘው ክብደት ያለው ነገር ነው። ቶንያ ሄይሊ ልብ ወለድ ስለሆነች ደራሲዋን ልትከስ አትችልም። የአርሲዋ ልጅ ግን አድጋ፣ ሴት ሆና፣ በሕግ ቋንቋ መለሰች፤ በራሷ ታሪክ ላይ ከአንባቢ ሁሉ የተለየች አንባቢ ሆና ቀረበች።

የፊልሙ ልጅ በመንደርም በችሎትም የምትናገረው በአማርኛ ነው። ይህ ለሞያሌ ተመልካች በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በዚህች ከተማ አንድ ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ቦረንኛ ወይም ቡርጂኛ ወይም ሶማሊኛ ተናግሮ፣ ገበያ በአማርኛና በስዋሂሊ ሸምቶ፣ በኬንያ ወገን ችሎት ሲቆም መዝገቡ በእንግሊዝኛ ይጻፍለታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የኬንያውም የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ተከሳሽ በማይረዳው ቋንቋ ሲከሰስ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይደነግጋሉ። የችሎት ልቦለዶች ግን፣ የግሪሻምም ሆነ ከእሱ በፊት በ1987 የወጣው የስኮት ቱሮው የበኩር ልቦለድ፣ ዳኛ፣ ተከሳሽና ምስክር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ከሚል ግምት ይነሣሉ። መስቀለኛ ጥያቄ ልብ የሚሰቅለው ጥያቄው በፍጥነት ሲወረወርና መልሱ ሲደናቀፍ ነው። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ከቆመ ፍጥነቱ ይሞታል፤ መደናቀፉም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

በማርሳቢት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በነፍስ ግድያ የተከሰሰ አንድ ቦረና «ጥፋተኛ ነው፤ ነገር ግን እብድ ነበር» ሲባል ቢሰማ ምን ይሰማል? አስተርጓሚው «ማራታ» ካለ ተከሳሹ ለዘመዶቹ ሁሉ፣ ለሚስቱ ቤተሰብ፣ ለልጆቹ ጋብቻ እብድ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቃሉ ከችሎቱ አብሮት ወጥቶ መንደር ይገባል። አለስልሶ «ልቡ ታውኮ ነበር» ቢል ደግሞ የሕጉን ቃል አላደረሰም፤ ተከሳሹ ለምን እንደተያዘ ሳያውቅ ይያዛል። ዳኛው የሚጠብቀው ሐቁ በትክክል እንዲተላለፍለት ነው፤ ተከሳሹ የሚጠብቀው ሃኪውን ነው፤ አስተርጓሚው ቃሉን መርጦ የሚጨርሰው ዳኛው ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር እስኪጀምር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።